ሳይሰማ የሰጠው ቃል

ሳኒ ሽማግሌ ፊት ሲቆም ምላሱ የሚታሰር ሰው ነው። ቡታጅራ ገበያ ላይ ለሚያዩት ሰዎች ይህን ብትነግሯቸው አያምኑም። እዚያ የሚያውቁት ዛላ በርበሬ በጣቱ እየሰበረ፣ እያሸተተ፣ «ይሄማ እርጥብ ነው፤ ሚዛን ላይ እንዲከብድ ብለህ ነው» እያለ ከመስቃን ገበሬዎች ጋር ጀምበር እስክትጠልቅ ሲሟገት ነው። ጋቢ የለበሰ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ብቅ ሲል ግን ያ ሁሉ ወኔ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ሚስቱ ኡሚ «ባሌን ለማሸነፍ አንድ ጋቢና አንድ ከዘራ ይበቃል» እያለች ትስቅበታለች። እሱም አብሮ ይስቃል እንጂ አያስተባብልም።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሀጂ አብዱልሃፊዝና አቶ ደረጄ ከግቢው በር ላይ መጥተው ቆሙ። ግቡ ሲባሉ አንገባም፣ ወንበር ሲቀርብላቸው አንቀመጥም አሉ። የሳኒ ልብ በደስታ ዘለለች። ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ አልቀመጥም ካለ የመጣው ልጅ ሊጠይቅ ነው፤ ይህን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ሀጂ አብዱልሃፊዝ ደግሞ የራምዚ አጎት ናቸው፤ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ራምዚ መናኸሪያው አጠገብ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ አለው። የሳኒ ልጅ ሰልሚያ ከጉብሬ ካምፓስ ለእረፍት በመጣች ቁጥር ስልኳ መበላሸቱ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ኡሚ ለባሏ ሹክ ካለችው ከርሟል።

አቶ ደረጄ ክርስቲያን ናቸው፤ የሰፈሩ የእድር ዳኛ ሆነው ያረጁ የተከበሩ ሰው። ሳኒ እሳቸውንም ከሀጂ ጎን ሲያያቸው ክብሩ እጥፍ ሆነለት። ልጄን ለመጠየቅ ሁለቱም ወገን መጣ አለ በልቡ።

«ጉዳያችንን ካልፈጸምክልን አንቀመጥም» አሉ ሀጂ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከል አድርገው።

ደንቡ ቢሆን የሴት አባት ይግደረደራል። ዘመድ ላማክር ይላል፣ ከርማችሁ ኑ ይላል፣ ሽማግሌ አመላልሶ የልጁን ዋጋ ያሳያል። ሳኒ ግን የቆሙትን ሰዎች ሲያይ ይህን ሁሉ ረሳው። ያን ጊዜ ኡሚ በመስኮት በኩል ዓይኗን አፍጥጣ እየጠቀሰችው ነበር፤ ቆይ፣ ቀስ በል ማለቷ ነበር። አላያትም።

«ኧረ እናንተ ቆማችሁ እኔ ልኖር ነው? ተቀመጡ! ያላችሁት ሁሉ ሆኗል። ወላሂ እሺ ብያለሁ!»

ተቀመጡ። ሥጋ ቢቀርብ አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይበላ ኡሚ ጎመን ክትፎ በአይብ ከቆጮ ጋር አቀረበች፤ ሁለቱም አንዱ ካንዱ ሳይተናነሱ በሉ። ከታጠቡም በኋላ ሀጂ አብዱልሃፊዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አልሃምዱሊላህ። ሳኒ፣ እንደማታሳፍረን እናውቅ ነበር። እንግዲህ እነዚያን መጋዘንህ ውስጥ የሚጸልዩትን ጴንጤዎች እስከ እሁድ አስወጣልን።»

ሳኒ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ምን እንደ ሰማ ለማወቅም ጊዜ ወሰደበት።

መጋዘኑ ከግቢው ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። የበርበሬው ወቅት ሲያልፍ ባዶውን ይከርማል። እሁድ እሁድ የሚሰበሰቡበት ሰዎች ብዙ አይደሉም፤ ልብስ ሰፊ፣ አናጺ፣ አስተማሪ፣ ከገጠር መጥተው በቀን ሥራ የሚያድሩ ጥቂት ቤተሰቦች። የጸሎት ቤት መሥሪያ ቦታ ከጠየቁ ዓመታት አልፈዋል፤ ነገ ተመለሱ እየተባሉ ይመላለሳሉ። ቤት የሚያከራያቸውም ጠፋ። ሙስሊሙ ጎረቤቴ ምን ይለኛል ይላል፤ ኦርቶዶክሱም እንደዚያው። ሳኒ ያከራያቸው ከሌላው የተለየ ደግ ስለሆነ አይደለም። ባዶ ቤት ነበረው፣ ሰዎቹም ጨዋ ነበሩ፣ በቃ። ቢጠርጉም ቢወለውሉም የበርበሬው ብናኝ ከግድግዳው ስለማይለቅ ግን መዝሙራቸው መሃል ማስነጠስ አይጠፋም ነበር። እሱም ሲያገኛቸው «ይማራችሁ» እያለ ይቀልድባቸዋል።

«ምን አጠፉ?» አለ በመጨረሻ።

«አላጠፉም» አሉ አቶ ደረጄ። «ክፉ ሰዎችም አይደሉም። ግን ወጣቱ እያጉረመረመ ነው። የኔም ወገን፣ ያንተም ወገን። ባለፈው በአካባቢው የተነሳውን ግርግር አልረሳኸውም መቼም። ድንጋይ ከተወረወረ በኋላ ከምናዝን ቀድመው ቢሄዱ ለነሱም ይሻላል።»

እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች በበዓል ቀን መንገድ የሚዘጋው ማነው በሚለው ነገር ስንት ዓመት ሲነታረኩ ኖረዋል። በዚህ ግን ተስማሙ። የሁለቱም ያልሆነውን ሰው ማስወጣት ቀሏቸው። ሳኒ ይህ ሁሉ በአእምሮው መጣበት፤ ድንጋይ የሚወረውረውን መክራችሁት ታውቃላችሁ ወይ ሊላቸውም አፉን ከፈተ። ሆኖም ሁለቱ ጋቢዎች ፊት ለፊቱ ነበሩ፤ ወላሂ ብሎም ምሏል። አፉን መልሶ ዘጋው።

ሽማግሌዎቹ መርቀውት ሄዱ። ኡሚ ትሪውን እያነሳች «ዓይኔ እስኪጠፋ ጠቀስኩህ» አለችው።

አርብን ጁምዓ ነው ብሎ አሳለፈው። ቅዳሜ ግን የሚሸሽበት አልነበረውም። ለእሁዱ ጉባኤ ሊያዘጋጁ የመጡት እቴነሽና አቤኔዘር መጋዘኑ ውስጥ ነበሩ። እቴነሽ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ የሰዎቹን ጉዳይ ሁሉ የምታስተባብረው እሷ ናት። ብናኙ እንዳይነሳ ወለሉ ላይ ውኃ ትረጭ ነበር። አቤኔዘር አናጺው አግዳሚ ወንበሮቹን ይደረድራል።

ሳኒ በመንገዱ ላይ ብዙ ነገር አሰናድቶ ነበር። ጥፋቱ የኔ አይደለም የሚል ነበረበት፣ ሽማግሌ ይዞኝ ነው የሚልም ነበረበት። ቢለምኑት የሚመልሰውን፣ ቢቆጡት የሚመልሰውን አስቦ ነው የገባው። ከአፉ የወጣው ግን አጭር ሆነ።

«እቴነሽ፣ ከነገ ጀምሮ እዚህ መሰብሰብ አትችሉም።»

እቴነሽ የውኃውን ጣሳ አስቀመጠች። አቤኔዘርን አየችው፤ እሱም አያት።

«እሺ ጋሽ ሳኒ» አለች። «ዕቃውን ዛሬ እናንሳው ወይስ ነገ ጠዋት ይደርሳል?»

ይህን አላሰናዳም ነበር።  አቤኔዘር ወደ አንዱ አግዳሚ ጎንበስ አለና ከሥሩ ያለውን ብረት ጎተተ፤ እግሮቹ ታጥፈው ገቡ፣ መቀመጫውም መሃል ላይ ተከፍሎ ተደራረበ። በብብት የሚያዝ ጣውላ ሆነ። ወደ ሁለተኛው ሄደ፣ እሱንም አጠፈው። የሚሰበክበትን ጠረጴዛ ገለበጠው፣ ሳጥን ሆነ፤ መጽሐፎቹንና የመብራቱን ሽቦ ከተተበት። እጁ አልተቻኮለም። ምሳውን እንደሚቋጥር ሰው ነበር የሚሠራው።

«ይሄን ወንበር እንዲህ አድርጎ ማን ሠራው?» አለ ሳኒ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን እንዲታጠፍ አደረግከው?»

አቤኔዘር ጥያቄው ራሱ ገርሞት ቀና አለ። «መቼም አንድ ቀን ውጡ መባላችን ስለማይቀር ነዋ ጋሽ ሳኒ። ከበፊቱ ቤት ስንወጣ ረጃጅሞቹን አግዳሚዎች የሚሸከምልን አጥተን ዝናብ አበላሻቸው። የኛ ሰዎች አብዛኞቹ ሴቶችና አዛውንቶች ናቸው። አሁን ሁሉም የየራሱን ይይዛል።»

ሳኒ ቢጮሁበት፣ ቢረግሙት ይሻለው ነበር። ሰው እሱ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ፣ በተቀመጠበት ወንበር ውስጥ የመባረሪያውን ነገር አብሮ ሠርቶ መቀመጡ አሳፈረው። እሱ እንግዳ አስተናገድኩ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ፣ እነሱ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ እንደዚህ እንደሚላቸው ያውቁ ኖሯል። ተሳስተዋል እንዳይል ይኸው ቆሟል።

«አንድ ነገር ግን» አለች እቴነሽ ወደ በሩ ሲያመራ። «ለሰዎቻችን እርስዎ አስወጡን አንልም። መጋዘኑ ለበርበሬ ተፈለገ ነው የምንለው። ስምዎ እንዳይነሳ። እስከ ዛሬ ስላቆዩን እግዚአብሔር ይስጥልን።»

ሳኒ ወጥቶ ሄደ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሲገባ ሰልሚያ ከጉብሬ መጥታ አገኛት። በሚኒባስ ስትመጣ የቦነነው የመንገድ አቧራ ገና ከጫማዋ አልወረደም። ራት እያቀረበች ሳለች የአባቷን ፊት አየችና አላስችል አላት።

«አባባ፣ ሰፈሩ በሙሉ ለሰልሚያ ሽማግሌ ተላከ እያለ ነው። ምንድነው ነገሩ?»

ሳኒ ነገሩን ሁሉ ነገራት። ስለ ጴንጤዎቹ ነገራት፣ ስለ መሐላውም ነገራት። መጨረሻ ላይም ራሱን ለማስተዛዘን ብሎ «ምን ላድርግ ልጄ፣ እኔ እኮ እሺ ያልኩት ላንቺ የመጡ መስሎኝ ነው» አላት።

ሰልሚያ ሰሃኑን አስቀመጠች። ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው፤ ኡሚ ግን ልጇን ስለምታውቃት ከምድጃው አጠገብ ብድግ አለች።

«ለኔ መስሎህ ነው?»

«ታዲያስ።»

«ለኔ መስሎህ፣ ምን እንደሚሉ ሳትሰማ፣ ወላሂ ብለህ ሰጠኸኝ?»

«ለማንም አይደለም እኮ! ለራምዚ ነው። ትወጂው የለ እንዴ?»

«ብወደውስ? መውደዴን መናገር ያለብኝ እኔ አይደለሁም? አንድ ቀን ጠርተህ ሰልሚያ ምን ታስቢያለሽ ብለኸኝ ታውቃለህ?» ወደ አባቷ አንድ እርምጃ ቀረበች። «እኔንም አልጠየቅከኝም፣ ጴንጤዎቹንም አልጠየቅካቸውም። ለሁላችንም አንተ ማልክልን።»

«ሰልሚያ፣ ተይ» አለች ኡሚ።

«አልተውም። እማማ፣ አንቺ እንኳን በመስኮት ነው የጠቀስሽው።»

 ራቱ ቀዘቀዘ። ሳኒ ተነስቶ ውዱእ አደረገ፤ ኢሻን ሰገደ፤ ከሰገደም በኋላ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ቆየ። እዚህ የሰገደው ማንም ስላልከለከለው ነው፤ ማንም እንደማይከለክለው ስለሚያውቅም የሶላት ምንጣፉ ለመሸሽ ይመቻል አይመችም ብሎ አስቦ አያውቅም። ፈጣሪን የሚለምን ሰው ጎረቤት ይፈቅድልኛል ወይ እያለ ምን ያህል ልብ ይተርፈዋል? ይህን ሲያስብ ለእነ እቴነሽ አዘነ፤ ከዚያም ለልጁ አዘነ፤ በራሱ ላይ ግን ተናደደ። መናደዱ ጠቀመው።

እሁድ ጠዋት ከሱብሂ ሶላት እንደወጣ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ሀጂ አብዱልሃፊዝ ደጅ ሄዶ ቆመ።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ሳኒ! ግባ እንጂ።»

«አልገባም።»

«ምን ሆንክ? በል ተቀመጥ።» ራሳቸው ዱካ ጎተቱለት።

«ጉዳዬን ሳይሰሙኝ አልቀመጥም ሀጂ።»

ሽማግሌው ገባቸው። በሌላ ሰው ደጅ ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር ሌላ ሰው በራሳቸው ደጅ ሲያደርገው ማየት አላማራቸውም።

«ሐሙስ የሰጠሁትን ቃል ልመልስ ነው የመጣሁት» አለ ሳኒ። ጉልበቱ እየራደ ነበር፤ ከዘራውን ላለማየት የግቢውን አጥር ያያል። «ምን እንደምትሉኝ ሳልሰማ ማልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ምሎ ከመሐላው የተሻለ ነገር ያየ ሰው የተሻለውን ይሥራ፣ መሐላውን ደግሞ ይካስ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ከፋራውን አወጣለሁ፣ ድሃ አበላለሁ። ሰዎቹን ግን አላስወጣም።»

«ድንጋይ ቢወረወርስ?»

«የሚወረውረው ከሰማይ አይመጣም። የኛው ሰፈር ልጆች ናቸው። ግማሾቹን ስም ያወጡላቸው እርስዎ ነዎት። ይሄ ከዘራ እኔን ትልቁን ሰው እንዲህ ካንቀጠቀጠኝ፣ እነሱን ተዉ ማለት ያቅተዋል?»

ሀጂ አብዱልሃፊዝ ፊታቸው ጠቆረ። «ሽማግሌ አዋረድክ፣ ሳኒ» አሉ። ገብተው በሩን ዘጉት። ጎትተው ያመጡት ዱካ ደጅ ቀረ።

ሳኒ በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ያለ በር ተዘግቶበት አያውቅም። እንደ ሕፃን ሆድ ባሰው። የሰልሚያና የራምዚ ነገርም በዚያው በር ውስጥ እንደቀረ ገባው፤ ልጁን በምን ዓይኑ እንደሚያያት አላወቀም። ቢሆንም በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄደ። እነ እቴነሽ የታጠፉትን ወንበሮች በር ላይ ደርድረው፣ ሰዎቻቸው እስኪሰበሰቡ ይጠብቁ ነበር።

«መልሳችሁ አስገቡት» አላቸው። «ትናንት የተናገርኩት ስህተት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

እነ እቴነሽ ውጡ ሲባሉ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ፤ ግቡ ሲባሉ ግን ግራ ተጋብተው ቆሙ። የመጀመሪያውን አግዳሚ ተሸክሞ ያስገባው ሳኒ ራሱ ነው፤ እግሮቹን መዘርጋት አቅቶት አቤኔዘር አሳየው።

መዝሙሩ ሲጀመር ሳኒ ባዶ ጆንያ አንጥፎ መጋዘኑ በር ላይ ተቀመጠ። ሰዎቹ እንደ ወትሯቸው ድምፃቸውን አፍነው ነበር የሚዘምሩት። ከማዶ ካለው የባጃጅ ማቆሚያ ጥቂት ወጣቶች ተሰባስበው ወደዚህ ያያሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ተነሳ፤ እጁ ላይ ምን እንዳለ ከሩቅ አይታይም። ሳኒ ፈራ። ቢወረውር ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር፤ ከመቀመጥ በቀር ያሰበው ነገር የለም።

በዚህ መሃል ሀጂ አብዱልሃፊዝ በመንገዱ መጡ። ዱካቸውን በአንድ እጃቸው፣ ከዘራቸውን በሌላው ይዘዋል። ወጣቶቹ አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉና አንድ በአንድ በየስማቸው ሰላም አሏቸው፤ የናቶቻቸውንም ጤና ጠየቋቸው። ጎንበስ ያለው ልጅ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ሽማግሌው ከዚያ መንገዱን ተሻግረው ዱካቸውን ከሳኒ ጆንያ ጎን አስቀመጡና ተቀመጡ። ሳኒ ሊነሳላቸው ሲል በከዘራቸው ጫፍ ተመለስ አሉት።

«አልታረቅኩህም» አሉ ወደ ማዶ እያዩ።

«አውቃለሁ ሀጂ።»

«ደረጄም ተቆጥቶሃል። ቤተ ክርስቲያን ሄዷል እንጂ መጥቶ ይነግርህ ነበር።»

«ይንገሩኝ።»

 ወጣቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ተበተኑ። ሽማግሌው ደጅ ላይ እያሉ ድንጋይ የሚያነሳ የሰፈር ልጅ አልነበረም፤ ይህን ሁለቱም ያውቁታል፣ ሀጂ ግን ለመናገር አልፈለጉም። ከውስጥ የሚሰማው መዝሙር ቀስ በቀስ ከፍ እያለ መጣ። ሳኒ ቃሉን አልለየውም፤ ሰዎቹ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ደረታቸው ሲዘምሩ ሰማ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ለነገሩ» አሉ ሀጂ ከቆዩ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሐሙስ ዕለት ሁለተኛ ጉዳይም ነበረን። የመጀመሪያው ካለቀ በኋላ እንመጣለን ብለን ነው ያቆየነው። የራምዚና የልጅህን ነገር። ልጁ እንቅልፍ ነሳኝ። ምን ትላለህ?»

እሺ የምትለዋ ቃል የሳኒ ከንፈር ላይ ደርሳ ነበር። ዋጣት። መዋጡ ከጠዋቱ ሁሉ ይልቅ ከበደው።

«እኔ ምንም አልልም። ሰልሚያን ይጠይቋት።»

«ልጅቷን?» ሀጂ አብዱልሃፊዝ ከተቀመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው አዩት። ከአረቅጥ እስከ ወልቂጤ በስንቱ ደጅ ቆመው ስንቷን አስድረዋል። «እኔ? ምን ብዬ ነው የምጠይቃት?»

ሳኒ አሰበ። ለመመለስ ከልቡ ሞከረ።

«እኔም አላውቅም ሀጂ» አለ፣ አፍሮ። «ጠይቄያት አላውቅም።»